የቤተሰብ መኪና የመቃጠል ሽታ ሲያመጣ፦ ምንጩን የመለየትና የማስጠገን መንገድ

ከጅዳ መካ ያለው ርቀት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎዳናው ሰፊና ደልዳላ ስለሆነ ጤነኛ መኪና ጉዞውን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ርቀቱ አጭር ቢሆንም በዚህ መንገድ የሚመላለስ የቤተሰብ መኪና የሚሸከመው ጫና ግን ከባድ ነው። ሰባት ሰው ከነጓዙ ይጫንበታል፤ ማቀዝቀዣው ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ፀሐይ ከላይ፣ የጋለው አስፋልት ከሥር ይፋጁታል። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2024፣ በሐጅ ወቅት፣ በመካ ታላቁ መስጊድ የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር። ጅዳም እ.ኤ.አ. በጁን 2010 እስከ 52 ዲግሪ ደርሳለች። ይህ የአየሩ ሙቀት ነው፤ በሚሠራ ሞተር ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ የሚሠራ መኪና አንድ ነገሩ መላላት፣ ማፍሰስ ወይም ከልክ በላይ መጋል ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩት ምልክቶች የሚናገሩት የተወሰኑ ነገሮችን ብቻ ነው፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ፣ የሞተሩ ውኃ ሲግል፣ ባትሪው መሞላት ሲያቆም። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይትን፣ በውስጥ የሚቀልጥ የሽቦ መጋጠሚያን ወይም ጎማውን ይዞ የቀረ ፍሬንን የሚያሳይ ምልክት በአብዛኞቹ መኪኖች የለም።

ሽታው ሲመጣ ታዲያ ብዙ አሽከርካሪ መስኮት ከፍቶ ይቀጥላል። በተለይ በቤት ሹፌርነት ለተቀጠረ ሰው ነገሩ ሁለት ጭንቀት አለው። መኪናው የአሠሪው ነው፤ ከኋላ የተቀመጡትም የአሠሪው ልጆች ናቸው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» መባልን የሚፈራ ሹፌር ሽታው በራሱ እንዲጠፋ እየተመኘ ቀናት ያሳልፋል። በእነዚያ ቀናት ግን በጥቂት ገንዘብ ይለወጥ የነበረ ላስቲክ ሞተር ወደማበላሸት፣ አልፎም እሳት ወደማስነሣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሽታው በተሰማ ዕለት ለባለቤቱ መናገር፣ ከተቻለም በስልክ መልእክት ቀኑንና ሁኔታውን ጽፎ መላክ፣ መኪናውንም ሹፌሩንም ይጠብቃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር ቢነሣ እንኳ ቀድሞ የተናገረ ሰው ማስረጃ ይኖረዋል።

ሌላው ችግር የሚመጣው ጋራዥ ሲደረስ ነው። ለመካኒኩ የሚነገረው «የመቃጠል ሽታ አለው» የሚል ብቻ ይሆናል። ኮፈኑ ሲከፈት መኪናው ቀዝቅዟል፤ ሽታውም የለም። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለውም ባለ መኪናው ነው። ይህን የሚያስቀረው፣ ሽታው ምን እንደሚመስል ከማወቅ ይልቅ መቼ እንደመጣ ማስተዋል ነው። አንዱ ጎማ የሚለውን ሽታ ሌላው ፕላስቲክ ሊለው ይችላል። «ኤሲውን ስከፍት»፣ «መብራት ላይ ስቆም»፣ «ቁልቁለት ከወረድሁ በኋላ» የሚሉት ግን መካኒኩን በቀጥታ ወደ ቦታው ይመሩታል።

ወዲያውኑ መቆም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሁሉም ሽታ መንገድ ላይ አያስቆምም። አራት ሁኔታዎች ሲያጋጥሙ ግን ወደ ቀጣዩ ነዳጅ ማደያ እንኳ መቀጠል አይገባም፤ ጭስ ሲታይ፣ የተቃጠለ ሽቦ ወይም ፕላስቲክ ሽታ ከውስጥ ሲመጣ፣ የቤንዚን ሽታ ሲሰማ፣ ወይም ከሽታው ጋር የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲወጣ። የቤንዚን ሽታ በትክክለኛ ትርጉሙ የመቃጠል ሽታ አይደለም፤ አደገኛነቱ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ለመቀጣጠል የሚፈልገው አንድ ብልጭታ ወይም አንድ የጋለ ብረት ነው።

በአውራ ጎዳናው ላይ የሆነ እንደሆነ አደጋ ጠቋሚ መብራቶቹን አብርቶ ወደ ቀኝ ዳር መውጣት፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከዚያም ተሳፋሪዎችን በቀኝ በኩል ባለው በር ማስወረድ ይገባል። ሕፃናት ይቀድማሉ። ሻንጣና ስልክ ፍለጋ መመለስ የለም። ሰዎቹ ከመኪናው ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ርቀው፣ የብረት አጥር ካለ ከአጥሩ ወዲያ መቆም አለባቸው። በመካ ክልል፣ ጅዳንና ጣኢፍን ጨምሮ፣ እሳት አደጋም ሆነ አምቡላንስ የሚጠራው በአንድ ቁጥር፣ በ911 ነው።

ከኮፈኑ ሥር ጭስ ሲወጣ ኮፈኑን ከፍቶ ለማየት መጣደፍ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን በውስጥ ታፍኖ ያለ እሳት ኮፈኑ ሲከፈት አየር አግኝቶ ፊት ላይ ይንቦገቦጋል። በመኪናው ውስጥ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካለና እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ ኮፈኑን ሳይከፍቱ በሥሩ ወይም በፊት ባለው ክፍተት በኩል መርጨት ይሻላል። ያ ካልበቃ መራቅ ነው። የራዲያተር ክዳንም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነካም።

ኤሲው ሲከፈት የሚመጣ ሽታ

በጅዳ ኤሲ የክረምት የበጋ ዕቃ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሽታ ፍለጋ ከኤሲው ቢጀመር ብዙ ድካም ይቀንሳል። ፈተናው ቀላል ነው። ሽታው ሲመጣ ኤሲውን ማጥፋትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ሽታው ከጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከኮፈን ሥር፣ ሌላው ከዳሽቦርዱ ኋላ።

ከኮፈን ሥር ያለው የጎማ ሽታ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም የጩኸት ድምፅ አብሮት ይሰማል። ኤሲው ሲበራ ኮምፕረሰሩ ሞተሩ ከሚያዞረው ቺንጋ ኃይል መውሰድ ይጀምራል። ኮምፕረሰሩ ከደከመ ወይም ኩሽኔታው ካለቀ አልዞር ይላል፤ ቺንጋው ደግሞ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። በሙቀት የደረቀና የተሰነጣጠቀ ቺንጋም ኮምፕረሰሩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ይንሸራተታል። ጉዳዩ «ቀዝቃዛ አየር ቢቀር ይቅር» ተብሎ የሚተው አይደለም። በብዙ መኪኖች ይኸው አንድ ቺንጋ ዲናሞውንና የውኃ ፓምፑንም ያዞራል። በመንገድ ላይ የተበጠሰ እንደሆነ ባትሪው መሞላት ያቆማል፤ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል። ቺንጋ ብቻ ለውጦ መሄድም ግማሽ ሥራ ነው፤ ጥፋቱ የኮምፕረሰሩ ኩሽኔታ ከሆነ አዲሱም በሳምንታት ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል። ቺንጋው ወጥቶ እያለ ጎማ ዘንጎቹን ሁሉ በእጅ ማዞርና የሚንኮሻኮሸውን መለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዳሽቦርዱ ኋላ የሚመጣው የፕላስቲክ ወይም የሽቦ ሽታ በቀጥታ በአየር ማስወጫው በኩል ወደ ፊት ይነፍሳል። ምንጩ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሬዚስተር ናቸው። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ አንድ ዘዴ አለ። በእጅ መዘውር በሚስተካከሉ ብዙ መኪኖች ላይ ሬዚስተሩ የሚሠራው በዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች ብቻ ነው፤ ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ሲሆን ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ሽታው በአንደኛና በሁለተኛ ላይ መጥቶ በመጨረሻው ላይ ከጠፋ ሬዚስተሩ ነው። ማራገቢያው በዝቅተኛ ፍጥነት ጭራሽ አልዞር ብሎ በመጨረሻው ብቻ የሚሠራ ከሆነም ሬዚስተሩ ተቃጥሎ ቆይቷል ማለት ነው። በመጨረሻው ፍጥነትም የሚሸት ከሆነ ማራገቢያው ራሱ ወይም የሽቦው መጋጠሚያ ይጠረጠራል።

ሬዚስተሩ ለምን ይቃጠላል? የተሠራው ማራገቢያው ከሚገፋው ነፋስ ላይ ተቀምጦ በዚያው እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን ነፋሱ ይቀንሳል፤ ሬዚስተሩም ይግላል። ከአቧራ ነፋስ በኋላ ይህን ፊልትሮ ማራገፍ ወይም መለወጥ አሽከርካሪው ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ በብዙ መኪኖች የሚገኘው ከፊት ተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መሳቢያ ኋላ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ፊውዝ ሲቃጠል በቁጥሩ የሚበልጥ ፊውዝ መትከል፣ ይባስ ብሎም በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ማገናኘት። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኤሌክትሪኩ መጠን ልክ ሳይሆን በመጠኑ ካሬ ይጨምራል። በ20 አምፔር ፊውዝ ቦታ የ30 አምፔር የተከለ ሰው ለሽቦው ከእጥፍ በላይ፣ ሁለት ነጥብ ሩብ ያህል ሙቀት ፈቅዶለታል። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚቀልጠው ፊውዙ ሳይሆን ከምንጣፍና ከስፖንጅ ሥር የተቀበረው ሽቦ ይሆናል።

መብራት ላይ ሲቆም የሚመጣ ሽታ

መኪናው እየሮጠ ሳለ ምንም አይሰማም። በሐራም አቅራቢያ ባለው መጨናነቅ ወይም በጅዳ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ግን የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም ስስ ሰማያዊ ጭስ ከኮፈኑ ዳር ይወጣል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ሽታውን ወደ ኋላ ይወስደው ነበር፤ ሲቆም የሚወስደው የለም። ይህ የዘይት ማፍሰስ ምልክት ነው።

በቅርብ ዘይት ተለውጦ ከሆነ በፊልትሮው አካባቢ የፈሰሰው እስኪቃጠል ድረስ አንድ ሁለት ቀን መሽተቱ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከሞተሩ አናት ላይ፣ በቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ይህ ጓርኒሲዮን ላስቲክ ነው፤ በዓመታት ሙቀት እንደ ፕላስቲክ ይደርቅና ዘይት ያሳልፋል። ዘይቱ የሚንጠባጠበው በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ስለሆነ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ለዚህ ነው ከመኪናው ሥር ጠብታ ሳይታይ ሽታው የሚኖረው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በባትሪ መብራት የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን ማየት ይበቃል፤ የጅዳ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ ጥቁር ጭቃ የሠራበት ቦታ ምንጩ ነው። ጥሩ መካኒክ ጓርኒሲዮኑን ከመለወጡ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭም ያያል። እርሱ ከተደፈነ በውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ አዲሱም ጓርኒሲዮን ቶሎ ያፈሳል።

በዚህ ቦታ የቋንቋ ስሕተት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። በአማርኛ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን የሚለያዩት በአንድ ቃል ነው፤ በሥራና በዋጋ ግን አይገናኙም። የመጀመሪያው ሞተሩን እስከ ግማሽ መፍታት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ጥቂት ብሎኖችን ብቻ። በሳዑዲ ጋራዦች የመጀመሪያው «ወጅህ ራስ»፣ ሁለተኛው «ወጅህ ገጣ አል-በሉፍ» ይባላል። «ወጅህ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ «እሺ» ያለ ሰው በምን እንደተስማማ አያውቅም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተበላ መኪና ደግሞ ሽታ ብቻ አያሳይም፤ ውኃ ይጨርሳል፣ ይፈላል፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ያወጣል። እነዚህ ሳይኖሩ ሞተር ይፈታ ከተባለ ሌላ መካኒክ ማሳየት ተገቢ ነው።

ከቁልቁለት በኋላ የሚመጣ ሽታ

ከጅዳና ከመካ የሚኖር ቤተሰብ ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ወደ ጣኢፍ መውጣቱ የተለመደ ነው። ጣኢፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ መካ ግን ወደ 300 ሜትር ዝቅ ብላ በሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው የአል-ሀዳ መንገድ በተራራው ገጽ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የዓባይን በረሃ ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ያውቀዋል፤ በልምድ የማያውቀው በማርሽ ያልሠራ፣ አውቶማቲክ ብቻ የነዳ ሰው ነው።

ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሃምሳ ስምንት ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። አሽከርካሪው እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ከወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራት ጎማዎች ሸራና ዲስክ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ስል የሆነ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው። ቀጥሎ ሸራው የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው እንደ ወትሮው አይዘገይም። የፍሬን ፈሳሹ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ጭራሽ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

የጅዳ አየር በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይመጣል። አዲስ ዶት 3 ፈሳሽ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። በባሕር ዳር ከተማ ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ፈሳሽ የያዘ መኪና ስለዚህ በከተማ ውስጥ ፍሬኑ ጤነኛ ይመስላል፤ የሚከዳው በተራራው ላይ ነው። ፈሳሹን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይመከራል።

አወራረዱ ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ማርሹን ከዲ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል፣ አለዚያም በእጅ ወደሚመረጠው ማውረድ፤ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመጫን ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ። ሽታው ከመጣ ሰፋ ባለ ቦታ ቆሞ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ማስቀዝቀዝ ይገባል። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ዲስኩን ያጣምመዋል። የእጅ ፍሬኑንም ከመያዝ ይልቅ መኪናውን በደልዳላ ቦታ በፓርክ ማቆምና ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ይሻላል።

ቁልቁለት ሳይኖር፣ በሜዳ ላይ ከተነዳ በኋላ ከአንድ ጎማ ብቻ ተመሳሳይ ሽታ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አቅርቦ የሚጋለውን መለየት ይቻላል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነም ያው ነው። ከሁሉ በፊት ግን የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን ማየት አይጎዳም፤ ከጋራዥ ደጃፍ በዚህ ምክንያት ብቻ የተመለሱ መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

የቀሩት ሽታዎች በአጭሩ ይታያሉ። የሚጣፍጥ፣ እንደ ሽሮፕ ያለ ሽታ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ እየፈሰሰ ነውና ባዶ ውኃ እየጨመሩ መሰንበት መፍትሔ አይሆንም፤ ባዶ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ውስጡንም ያዝጋል። ማርሽ ባላቸው መኪኖች አቀበት ላይ የሚመጣው ሽታ የፍሪሲዮን ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከማርሚታው በኩል የጭስ ማጣሪያውን ያመለክታል። ድንገት የመጣ ጠንካራ የፕላስቲክ ሽታ ደግሞ አንዳንዴ ከመንገድ ተነሥቶ በማርሚታው ላይ የተጣበቀ ፌስታል ብቻ ነው፤ መኪናው ሲቀዘቅዝ ተፍቆ ይነሣል።

ቡኹር፣ ቻርጀርና ጎርፍ

በዚህ አገር መኪና ውስጥ የራሱ ችግር የሌለበት የመቃጠል ሽታም አለ። በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ የቡኹር ማጨሻ በብዙ ቤተሰብ መኪኖች ይገኛል። እጣን ማጨስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ማጨሻው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሶኬቱ ከላላ ይግላል፤ የቡኹሩ ሽታ ደግሞ የሚቀልጠውን ፕላስቲክ ይሸፍነዋል። ርካሽ ቻርጀሮች፣ በኋላ የተገጠሙ ስክሪኖችና የጌጥ መብራቶችም በዚሁ ይመደባሉ። ምንጩ ያልታወቀ የሽቦ ሽታ ሲኖር የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ አንድ ቀን መንዳት ያለ ወጪ ብዙ ይነግራል። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ፓወር ባንክ፣ ላይተርና የሽቶ ጣሳ መተው ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ሊጠረጥር ይገባል። ጅዳ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ከመቶ በላይ ሰዎችን የገደለና በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን የጠራረገ ጎርፍ ደርሶባታል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2022ም በከተማዋ ደቡብ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘንቦ መኪኖች በየመንገዱ ሰጥመዋል። ጎርፍ የገባበት መኪና ታጥቦ፣ ወንበሩ ተለውጦ ሊሸጥ ይችላል፤ በሽቦ መጋጠሚያዎቹ ውስጥ የቀረው ውኃና ጨው ግን ዝም ብሎ ይሠራል። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል፤ ኤሌክትሪኩ በቀጠነው መንገድ ለማለፍ ሲታገል መጋጠሚያው ይግላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሽታው ይመጣል። ምንጣፉን ገልጦ ከሥሩ ዝገትና ደለል መፈለግ፣ የደህንነት ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ስቦ የጭቃ መስመር ማየት ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው።

በጋራዥ ምን ይባላል?

የአዲስ አበባ መካኒክ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ ሲል በጣሊያንኛ መናገሩን አያስበውም። በጅዳ ሰናኢያ እነዚህ ቃላት አያገለግሉም። እዚያ ቺንጋ «ሰይር»፣ ማርሚታ «ሸክማን»፣ ካምቢዮ «ጊር»፣ ኤሲ «ሙከይፍ»፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ከህረባኢ»፣ ጭኖ የሚወስደው መኪና «ሰጥሓ» ነው። ዲናሞ በሁለቱም ዲናሞ ነው። የፍሬን ሸራ «ፈሐማት» ይባላል፤ ከአማርኛው ፍሕም ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ቃል ነው፤ ከቁልቁለት በኋላ ሲታይ ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልወጣለት ይገባል።

ሽታውን ለመናገር «ፊ ሪሓት ሐሪቅ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ጊዜው ይከተላል፤ «ለማ አሸጊል አል-ሙከይፍ» ኤሲውን ስከፍት፣ «ለማ አወቂፍ ዐንድ አል-ኢሻራ» መብራት ላይ ስቆም፣ «በዕድ አን-ኑዙል» ከቁልቁለት በኋላ። መለዋወጫ ሲጠየቅ «አስሊ» ኦሪጅናል፣ «ቲጃሪ» ደግሞ በሌላ አምራች የተሠራ ነው፤ ከአሮጌ መኪኖች የተፈታው የሚገኘው «ተሽሊሕ» ነው። ለኤሌክትሪክና ለፍሬን ዕቃ ከተሽሊሕ መግዛት ቁጠባ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ መጠየቅ ይገባል፤ «አቢ አል-ቂጥዓ አል-ቀዲማ»። የቀለጠው መጋጠሚያ ወይም የደረቀው ጓርኒሲዮን በእጅ ሲያዝ በእርግጥ መለወጡ ይታወቃል። «ፋቱራው» ማለትም ደረሰኙ ደግሞ ለቤት ሹፌር ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ለባለቤቱ አሳውቆ ፈቃድ መቀበል፣ ከተሠራ በኋላ ደረሰኙን ከአሮጌው ዕቃ ጋር ማስረከብ።

ጋራዥ ከመሄድ በፊት የሚደረግ አንድ ነጻ ምርመራም አለ። የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር ጉድለት ያለባቸው ምርቶች የሚጠሩበት ማዕከል አለው፤ በኢስቲማራው ላይ የተጻፈውን አሥራ ሰባት ሆሄ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በድረ ገጹ አስገብቶ ለመኪናው ጥሪ ወጥቶ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ጥሪ ካለ ጥገናው በወኪሉ በነጻ ይሠራል። ነገሩ ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሂዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ 3.4 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የጠሩት፣ ከፍሬን መቆጣጠሪያው የሚያፈስ ፈሳሽ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነበር፤ ባለቤቶቹም መኪናቸውን እስኪያስጠግኑ ድረስ ከቤት ርቀው ከደጅ እንዲያቆሙ ተነግሯቸዋል። የፈሕስ ምስክር ወረቀትም በዚህ ረገድ ዋስትና አይሆንም፤ ምርመራው ፍሬን፣ መብራትና ጭስ ያያል እንጂ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለውን ሽቦ አይፈታም።

ከጥገናው በኋላ

የተጠገነ መኪና ከጋራዡ ሲወጣ ጥቂት መሽተቱ አያስደነግጥም። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ፣ በጭስ ማውጫው ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ፣ የጽዳት ፈሳሹም እስኪተን ድረስ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ሽታው በየቀኑ መቀነስ አለበት እንጂ ባለበት መቆየት የለበትም። የሽቦ ሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በትክክል የተጠገነ ሽቦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይሸትም።

መኪናውን መፈተን የሚገባው ሽታው በመጣበት ሁኔታ ነው። ኤሲው ላይ የነበረ ከሆነ በቀትር፣ በሁሉም ፍጥነት፤ መብራት ላይ የነበረ ከሆነ ረዘም ካለ ጉዞ በኋላ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፉ። የፍሬን ጉዳይ ከነበረ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጣኢፍ ከመውጣት በፊት በባዶ መኪና፣ በደልዳላ መንገድ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እያቆሙ መሞከርና የአራቱንም ጎማዎች ሙቀት ማመዛዘን ያስፈልጋል። የፊቶቹ ከኋላዎቹ መጋላቸው የተለመደ ነው፤ ቀኝና ግራው ግን እኩል መሆን አለባቸው።